ከቀዩ ውሃ በታች

ጥቅምት 4

ለአባዬ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ እንደሚነሳብህ አውቃለሁ። የወርክሾፑን በር ከፍተህ አትሥራ። ሠራተኞቹ አቧራው ይውጣ ብለው ይከፍቱታል፤ አንተ ደግሞ ሰው መቆጣት አይሆንልህም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው። የነገረህ ሰው አልተሳሳተም። ያለሁት እዚያው ሐይቅ ላይ ነው፤ እኛው ሐይቅ ላይ። የጥናት ጣቢያው ውስጥ ቦታ ሲከፈት ዶክተሯ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ «ማን ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። ሌሎቹ ሲያመነቱ እጄ ቀድሞኝ ተነሳ። የፈራሁት ካነሳሁት በኋላ ነው።

ለእማዬ እንዳትነግራት ብዬ አልለምንህም። ሐይቅ የሚለው ቃል እንኳ እሷ ባለችበት እንደማይነሳ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ለዚህ ነው ቤት የማልደውለው፤ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፣ ድምፄን ሰምታ ታውቅብኛለች። ደብዳቤውን ወደ ወርክሾፑ እልካለሁ።

ድሮ የኖርንበት ቤት አሁን የጀልባ ሞተር ማደሻ ሆኗል። አንተ የሠራኸው በር አለ፤ ሰማያዊ ቀብተውታል እንጂ አልነቀሉትም። ጣቢያው ከዚያ ወረድ ብሎ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንዱ ለማይክሮስኮፕና ለጠርሙስ፣ አንዱ ለእኛ። ልብሳችንም ፀጉራችንም ትንሽ ትንሽ ይሸታል፤ ለምደነዋል።

«ያኔ ያየነው ቀይ ውሃ ምን ነበር?» ላልከኝ፤ ደም አልነበረም። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ብትጠይቀኝ አላውቅም ነበር። አሁን ግን በየቀኑ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሐምራዊ የድኝ ባክቴሪያ የሚባሉ፣ አንድ ሙሉ ቤተሰብ። አንድ በአንድ ዓይን አያያቸውም። ሲሰበሰቡ ግን ውሃውን እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ያደርጉታል። የእኛ ሐይቅ ሁለት ውሃ ነው ማለት ትችላለህ። የላይኛው አየር ያለበት፣ ዓሣ የሚኖርበት ነው። የታችኛው ጨዋማና ከባድ ስለሆነ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም፤ አየር የለውም፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛም ጋዝ ሞልቶታል። እነሱ የሚሰፍሩት ሁለቱ በሚገናኙበት መሃል ላይ ነው፤ ከላይ ጥቂት ብርሃን፣ ከታች ጋዙ እንዲደርሳቸው። ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ንጣፋቸው ይናወጥና ወደ ላይ ይወጣል።

ያን ሳምንት የነበረውን ነፋስ ታስታውሳለህ። ወንድምጋሼን ከነጀልባው የወሰደው ነፋስ ነው እነሱንም ያወጣቸው። ሰዉ «ሐይቁ ደም ተፋ፣ ልጁ አይመለስም» ሲል እማዬ ጆሮዋን ይዛ ስትሮጥ አይቻታለሁ። እንግዲህ ምልክት አልነበረም አባዬ። ነፋስ ነበር።

ጩጬህ


ጥቅምት 23

ለጩጬ፣

ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያው እንደ ድሮው ይንቋቋል፤ ዝም ካለ ነው የሚያሰጋኝ። ደብዳቤሽን አንዴ ያለ መነጽር፣ አንዴ በመነጽር አነበብኩት። በመነጽርም ያው ነው። ደም አለመሆኑን ማወቄ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ማንን ልጠይቅ እያልኩ የመለስኩት ነገር ነው።

የምትሠሪበትን ሥራ ከሐይቁ በቀር ሁሉንም ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። «ቢሮዋ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» አለችኝ። ምን ታደርጊኛለሽ፣ «ሦስተኛ» አልኳት። «ሊፍት አለው?» አለች። ፎቁን ከዋሸሁ በኋላ ሊፍቱን መከልከል አልቻልኩም። ስለዚህ ሊፍት አለሽ፤ እንዳትረሺ።

እሷ ያው ናት። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ቤት ድረስ መጥታ፣ ወደብ ከተማ ውስጥ ልጅሽን የሚመስል ሰው አየሁ አለቻት። «ፀጉሩ ሸብቷል» አለቻት። እናትሽ ያን ቀን ሙሉ ፊቷ ፈክቶ ዋለ። «ሸብቶ ከሆነማ በልቶ ጠጥቶ ኖሯል ማለት ነው» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አሁን ሹራብ ጀምራለታለች። «ወፍሮ ይሆናል» ብላ ሰፋ አድርጋ ነው የምትሠራው። ማታ ማታ እጅጌውን እኔ ላይ ትለካዋለች። እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ለቅሶ ሊቀመጥ ሲመጣ በሩን የዘጋችው እሷ ናት። እኔ ዛሬም በተዘጋ በር ውስጥ ነኝ ያለሁት። ይህን ለማማረር አይደለም የምጽፍልሽ።

በሌላ ወረቀት ላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች ለብቻቸው መልሺልኝ። እዚህ ላይ አልደግማቸውም።

አባትሽ


ኅዳር 12

አባዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ነፋሱ ጀልባ አላስወጣ ብሎን ሥራው ተደራረበብኝ። ለእማዬ የምጽፈውን ከተማ ያለች ጓደኛዬ ከዚያ ሆና ታስገባልኛለች፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም እንዳያጋልጠን። ስለ ሊፍቱም ጽፌላታለሁ። አንዳንዴ ይበላሻል ብያታለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ቀላል ነው። አይጎዱም፤ በእጄም እነካቸዋለሁ። የሚጎዳው ጋዙ ነው፤ እነሱ እንዲያውም ይበሉታል። እንደ ቅጠል በብርሃን ኃይል ምግባቸውን ይሠራሉ፤ ግን ቅጠል በምላሹ የምንተነፍሰውን አየር ሲሰጠን እነሱ አይሰጡም። ቅጠል ውሃን በሚጠቀምበት ቦታ እነሱ ያንን የሚሸት ጋዝ ነው የሚጠቀሙት። ድኙን ከጋዙ ለይተው በሰውነታቸው ውስጥ ያከማቹታል፤ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው እያንዳንዳቸው የሚያበሩ ፍሬዎች የዋጡ ይመስላሉ። ጋዙ ሲያጥራቸው ያን ስንቅ ያወጣሉ። ድኙን ከውጭ የሚያስቀምጡ ዘመዶች አሏቸው፤ ከውስጥ መያዝ ግን የዚህ ቤተሰብ መለያ ነው። ዶክተሯ «እነሱ ቤት ነገር በሆድ ነው» እያለች ትቀልዳለች። እኔ ስስቅ ለምን እንደሆነ አታውቅም። የእኛም ቤት ከዚያ ዘር ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ጠባያቸው ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጭራ አላቸው፣ ይዋኛሉ። እየዋኙ ድንገት ከብርሃን ወደ ጨለማ ከገቡ ክው ብለው ይቆሙና ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ተማሪዎች ሲመጡ መብራቱን በወረቀት ጋርጄ አሳያቸዋለሁ። ጥላው ጋ ሲደርሱ አንዱም አያልፍም።

እዚህ አብሮን የሚሠራ ጠላቂ አለ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ሲሳፈር ጀልባው «ኧረ በሕግ!» የሚል ይመስላል። እስከ ቀዩ ንጣፍ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ግን አይሄድም። «ከላይ ስታዪው ወለል ነው የሚመስለው፣ እግርሽን የምታሳርፊበት» አለኝ። «ስትደርሺበት ግን ምንም የለም።»

ሁለተኛውን ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ረስቼው አይደለም ያለፍኩት። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 3

ለልጄ፣

ነገር ተበላሽቷል፤ ግን አትደንግጪ፣ ሁላችንም በሕይወት አለን።

እናትሽ ለቢሮ ብርድ የሚሆን ሻል ሠርታልሽ ነበር። ጎረቤታችን ነርሷ ወደ ከተማ ስትሄድ ለእኔ ሳትነግረኝ በእሷ እጅ ላከችልሽ። ነርሷ ሕንፃውን ፈልጋ አግኝታ ብትጠይቅ «እሷ እኮ ሐይቁ ጣቢያ ከሄደች ቆየች» አሏት። ሻሉን ይዛ ተመለሰች።

እናትሽ ሻሉን ተቀብላ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ነርሷን «ሊፍቱ ተሠርቷል?» አለቻት። «የምን ሊፍት? ሕንፃው እኮ ፎቅ የለውም» አለች ነርሷ። እኔ የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ተነስቼ ከቤት ወጣሁ።

ብዙ አላናገረችኝም ከዚያ በኋላ። አንድ ቀን እራት ላይ ድንገት «ጃኬት አላቸው ይባላል፣ የሚያንሳፍፍ» አለች። «ይኖራቸዋል» አልኳት። «ትለብሰዋለች?» «ትለብሳለች።» በዚሁ አበቃ። ቁጣውን ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። አንቺም ከእንግዲህ የምትጽፊላትን ከዚያው ላኪ፤ ስለ ሐይቁ ባትጽፊም ማኅተሙ ይናገር።

አሁን ወደ እኔ ጥያቄ። ጊዜ ስጠኝ ብለሽ ነበር፣ ሰጥቻለሁ። እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ። ያቺን ጀልባ በእጄ ነው የሠራኋት፤ እንጨቷ በተራ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ያንን የታችኛውን ውሃ ግን አላውቀውም። ደግሞ ስለ እንጨቱ ብቻ እንዳልሆነ የምጠይቅሽ ታውቂያለሽ። እንደ ባለሙያ ንገሪኝ። እንደ ልጅ አታባብዪኝ።

አባትሽ


ጥር 4

አባዬ፣

እንደ ባለሙያ እነግርሃለሁ።

ከቀዩ ንጣፍ በታች አየር የለም። ነገርን ቶሎ የሚያበሰብሱት ፍጥረቶች አየር ይፈልጋሉ፤ እዚያ አይኖሩም። ዓሣ የለም፣ ትል የለም። ብርዱ ከባድ ነው። ብርሃኑን ቀዮቹ ከላይ ስለሚወስዱት ጨለማ ነው። ከሥር በምናወጣው ጭቃ ውስጥ ከስንት ዓመት በፊት የወደቀ ቅጠል ጅማቱ ሳይጎድል እናገኛለን። እንጨት እዚያ በጣም ይቆያል። ሌላውም ነገር ይቆያል።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅከኝን ልንገርህ። የንጣፉን ውፍረት ለማየት መብራት ያለው ካሜራ በገመድ አወረድን። ላይኛው ክፍል ላይ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ትናንሽ ዓሦች ያልፋሉ። ቀዩ ውስጥ ሲገባ ስክሪኑ ሐምራዊ ጭጋግ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጭጋጉ በአንድ ጊዜ አለቀ። ጥቁር፣ ግን እንደ መስታወት የጠራ ውሃ። ካሜራው ሥሩ ላይ ሊደርስ ሲል ዶክተሯ «አቁሙ!» አለች። ከመብራቱ ዳር ጀልባ ነበር።

እዚህ ሐይቅ ላይ ብዙ ጀልባ ሰጥሟል። ስለዚህ እባክህ ረጋ ብለህ አስብና አንተ የሠራሃት በምን እንደምትለይ ጻፍልኝ። እኔ ያየሁትን አልነግርህም፤ መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። ለእማዬ ገና ምንም አትበላት።

ልጅህ


ጥር 12

ለጩጬ፣

ከመቀመጫዎቿ ሁለተኛው ከሌሎቹ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ሲሰነጠቅብኝ ከአሮጌ በር ቆርጬ ነው የተካሁት። የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ አለበት። ወንድምሽ በዚያ ቀዳዳ ወደ ታች እያየ «አባዬ፣ ዓሦቹ እያንኳኩ ነው፣ ልክፈት?» ይለኝ ነበር።

ሌላ ደግሞ ልበልሽ። ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ ስለ ማስቀመጫው ሰሃን ነበር የምታወሪው። ሰሃኑ ደህና ነው፣ ሰሃኑ አልተጫረም ትዪኝ ነበር። ይህ ደብዳቤሽ ስለ ጀልባ ብቻ ያወራል።

ጻፊልኝ። ማሽኑን አጥፍቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ተቀምጬ ነው የማነበው።

አባትሽ


ጥር 22

አባዬ፣

የቁልፉ ቀዳዳ አለ።

ወንድምጋሼም አለ።

ከጀልባዋ አጠገብ ነው። የዓሣ መረቡ እግሩ ላይ ተጠምጥሟል፤ ወደ ላይ እንዳይመጣ የያዘው የመረቡ ክብደት ነው። ፊቱ ወደ ጭቃው ስለሆነ አላየሁትም። ያየሁት ሹራቡን ነው፤ እማዬ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የጠገነችለትን። አንድ እጁንም አየሁ። ቆዳው እንደ ሰም ሆኗል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ዶክተሯ ስክሪኑን ልታጠፋ እጇን ስትሰድ «ተይው» አልኳት። «ወንድሜ ነው።» ጠላቂው ኮፍያውን አወለቀ።

ስለ እጁ ልንገርህ። እኔ የማስታውሰው የጋሼ እጅ ትልቅ ነው። በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ጀልባ ላይ ያወጣኝ ነበር። እዚያ ያየሁት ግን የልጅ እጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር እኮ አባዬ። እዚህ የሚመጡት ተማሪዎች እንኳ ከእሱ ይበልጣሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ ያልኩት ሰው አሁን ታናሼ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐሳቤ ላናግረው ስል ምን ብዬ እንደምጠራው ይጠፋኛል።

አሁን መወሰን ያለበት ነገር አለ። ጠላቂው «እኔ አወጣዋለሁ» ብሏል። ዶክተሯ አይሆንም አለችው፤ እኔ ፊት ተጨቃጨቁ። ጋዙ በቆዳ ሁሉ ስለሚገባ የተለየ ልብስ፣ ፊቱን በሙሉ የሚሸፍን ጭምብል ያስፈልገዋል፤ ቢኖረውም ብዙ መቆየት አይችልም። ፖሊስ እንዲያውቅ ተደርጓል፤ ቤተሰቡ ከጠየቀ አንከለክልም ብለዋል። ከወጣ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ መቅበር አለብን። ከተተወ እንዳለ ይቆያል፤ እኔ ከሞትኩ በኋላም።

ይህን የምትወስኑት አንተና እማዬ ናችሁ፤ ሁለታችሁም። እሷ ሳታውቅ አንድ ገመድ እንዳይወርድ ለዶክተሯ ነግሬያታለሁ። ልምጣና አብረን እንንገራት ካልክ እመጣለሁ።

ልጅህ


የካቲት 5

ልጄ፣

«አትምጪ» ብዬ በአጭሩ ስለላክሁብሽ እንዳትቀየሚኝ። አንቺን በር ላይ ካየች ሳንነግራት ታውቅ ነበር፤ ከእኔ አፍ እንድትሰማው ፈለግሁ።

ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር። «ተቀመጪ እስቲ» አልኳት። «ቆሜም እሰማለሁ» አለች። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝና «ልጃችን ተገኝቷል» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ደስ ሊላት ይችል ነበር እኮ! ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን አየችው።

«የት?» አለች።

«እዚያው።»

እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ጣት። እኔ ምን እንደምትጠይቀኝ እያሰብኩ ቆሜአለሁ። ከዚያ «ሸብቷል?» አለችኝ።

«አልሸበተም» አልኳት። «እንደ ሄደ ነው ያለው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም። ነርሷ በአጥሩ በኩል ሰምታ መጣች፤ ከዚያ ሌሎቹም። በሩን የዘጋ የለም። ያን ጊዜ ሊመጡ የፈለጉት ግማሾቹ ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሰምተው ከሐይቁ ድረስ መጡልን። ወንድምሽን አንድ ቀን አይተውት የማያውቁ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱለት።

ሲረጋጋ ስለ መውጣቱ ነገርኳት። «ይውጣ» አለች፤ አንዴም አላሰበችም። «ውሃ ውስጥ አይደለም የወለድኩት።» ከዚያ ስለ ጠላቂው የጻፍሽውን አንብብልኝ አለች፣ ደግሜ አነበብኩላት። «ያ ሰውዬ ልጆች አሉት? ፈርቶ ከሆነ አይውረድ በላት። የእኔን ልጅ አወጣ ብሎ የሌላ ሰው ልጅ እንዲቀር አልፈልግም። ያን ያህል ዓመት የጠበቀ ሌላም ቀን ይጠብቃል» አለች።

ሌሎች ጥያቄዎች አሏት። በራሷ እጅ ጽፋ በራሷ ምላስ አሽጋ እዚህ ውስጥ አስገብታዋለች። እኔ አላነበብኩም፤ አላሳየችኝምም።

አባትሽ


የካቲት 14

ለእማዬ፣

ደብዳቤሽን ሳየው ጽሑፍሽን ምን ያህል ናፍቄ እንደነበር ገባኝ። አንቺን መዋሸት ከባድ ነበር። ይቅር በዪኝ እንኳ አልልሽም፤ ስትመጪ ፊቴን አይተሽ ትፈርጂኛለሽ።

ቀዮቹ አልነኩትም እማዬ። ሥጋ አይበሉም፤ ሊበሉ ቢፈልጉም አፍ የላቸውም። የሚኖሩት ከብርሃንና ከጋዙ ነው። ደግሞ ከእሱ በላይ ናቸው እንጂ እሱ ያለበት ቦታ አይወርዱም፤ ብርሃን የለማ። ክፉ ነገር ናቸው ብለሽ አትጥያቸው። ጋዙ ከሥር ሲመጣ እየበሉ ስለሚያስቀሩት ነው ከላይ ዓሣው የሚኖረው። ያን ሳምንት ቀልቶ ያየሽው ውሃም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነገር የለውም። የአንድ ነፋስ ሥራ ነው ሁለቱም።

ስለ ብርዱ ለጠየቅሽኝ፤ በዚያ ማዕበል፣ በዚያ ውሃ ሰው ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። ብዙ አይቆይም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ እንዲያ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን በወረቀት አልመልሰውም። ስትመጪ ጆሮሽ ላይ እነግርሻለሁ።

ጠላቂው ሁለት ሴት ልጆች አሉት። መልእክትሽን እንዳለ ነገርኩት። «እፈራለሁ በያት፤ ግን እወርዳለሁ» አለ። ዶክተሯም ሌላ ጠላቂ ከወደብ እስኪመጣና ልብሱ እስኪሟላ ድረስ ማንም ውሃ አይነካም ብላለች። ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ኑ እንጂ አትቸኩሉ። የምታድሩት እኔ ክፍል ነው፤ እኔ ከማይክሮስኮፑ ጋር አድራለሁ።

የሚለብሰውን ይዘሽለት ነይ። ሰፊውን ሹራብ ግን ተይው እማዬ። ልኩ ያው የድሮው ነው።

ልጅሽ


መጋቢት 17

አባዬ፣

በሰላም መግባታችሁን ከነርሷ ሰማሁ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን ሳላወዛውዝ የቀረሁት አልቅሼ እንዳታዩኝ ፊቴን አዙሬ ስለነበር ነው።

ጠላቂው ደህና ነው። ጥቂት ቀን ራሱን አመመው፣ ዓይኑም ቀላ፤ አሁን ሥራ ላይ ነው። በአምቡላንስ ወስደው ሲያዩት ለዚያ ግዙፍ ሰው የሚበቃ አልጋ አጡ። ሠርተህ ይዘህለት የመጣኸውን ወንበር አድርሼለታለሁ፤ ተቀምጦበት አልተሰበረም። «አባትሽ ሥራውን ያውቃል» ብሎሃል።

ጀልባዋ እዚያው ትቅር ማለትህን ለሁሉም ነግሬያለሁ። እሷን ለመጎተት የሚወርድ ሰው አይኖርም።

ከመሳፈርህ በፊት ንጣፉ ምን ሆነ ላልከኝ፤ ጋሼ በወጣበት ቦታ ተቀዶ ነበር። ገመዱም ልብሱም በሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ነበር የወጣው። ነፋሱ ሲያርፍ ሄጄ ናሙና ወሰድኩ፤ ተጋጥሟል፤ የት ጋ እንደነበር እኔ ራሴ ማግኘት አልቻልኩም።

እማዬ በማይክሮስኮፑ ስታይ ምን አለች ብለኸኝም ነበር። አንተ ውጭ ነበርክ። መጀመሪያ «ጨለማ ነው» አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ግለጪው አልኳት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አየች፣ ወገቧን እስኪያማት። እኔ ትጠላቸዋለች ብዬ ነበር። ቀና ስትል «ሥራ ላይ ናቸው እኮ» ነው ያለችው። እንደ ጎረቤት ነገር።

አንተ ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልንገርህ። መቃብሩ ላይ አፈሩ ሲመለስ ከከንፈሬ የወጣው «ጋሼ» የሚለው ነው። ሌላ ስም አልመጣልኝም። ይሁን ብያለሁ።

ልጅህ


ሚያዝያ 2

ለልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ቤት ሆኜ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ። ከአሁን በኋላ ደብዳቤሽን በቤት አድራሻ ላኪ። የወርክሾፑ ልጆች ፖስተኛው ሲመጣ ሌላ ሚስት ያበጀሁ እየመሰላቸው ነው።

እናትሽ ደህና ናት። ማለት፣ ታለቅሳለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አንዳንድ ቀን ከአልጋ መነሳት ያቅታታል፤ ያን ቀን እኔም አልሠራም። ጎረቤት ይገባል ይወጣል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ልጄ ጮክ ብዬ ማውራት ለምጃለሁ፤ ነርሷ ታሪኩን ሁሉ ጨርሳ አሁን እኔን ታርመኛለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው። ትናንት ከገበያ ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አንዲት ሴት ከእናትሽ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኑሮ ሲያወሩ ሴትየዋ «ስንት ልጆች አሉዎት?» አለቻት። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እናትሽ ሁልጊዜ «ሁለት፣ ወንዱ ሩቅ ነው» ነበር የምትለው፤ እኔም ሁልጊዜ ሌላ ወሬ አመጣ ነበር። ትናንትም ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሁለት ወለድኩ» አለች። «ወንዱ ሞቶብኛል፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ሴቷ ሐይቅ ላይ ትሠራለች።»

«ነፍስ ይማር» አለቻት ሴትየዋ።

እናትሽ «አሜን» አለች።

እኔ መስኮቱን ሳይ፣ መውረጃችን አለፈን። ከሚቀጥለው ፌርማታ በእግራችን ተመለስን፤ ዕቃውን ተካፍለን ይዘን፣ ቀስ እያልን።

ቀሪውን ቦታ ለእሷ ትቼላታለሁ፣ እንደ ወትሮው ብዙ አትጽፍም።

አባትሽ

ልጄ፣ ባዶ ሆድሽን ውሃ ላይ እንዳትወጪ። ጀልባው ላይ ደግሞ አትቁሚ። እናትሽ።